ከጭምብሉ ሥር ያለው ታሪክ፦ «ዋችሜን» እና የቱልሳ እሳት

ዛሬ ስለ አንድ የሱፐርሂሮ ድራማ ነው የማወራችሁ። «ታሪክ እጽፋለሁ ብለሽ አልነበር እንዴ?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ፤ ታሪኩ እዚያው ድራማው ውስጥ ነው ያለው። ድራማው «ዋችሜን» ይባላል። ኤችቢኦ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 20 ቀን 2019 ጀምሮ በየሳምንቱ ያሳየው ባለ 9 ክፍል ተከታታይ ነው። 9 ክፍል ብቻ! ሁለተኛ ሲዝን የለውም፤ ደራሲው ዴመን ሊንደሎፍ «ያለኝን ተናግሬ ጨርሻለሁ» ብሎ ተወው። (እኔ በበኩሌ እግዚአብሔር ይስጠው ብያለሁ። «ሎስት»ን ስድስት ሲዝን ጎትቶ እንዴት እንዳደከመን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።) ገና ያላያችሁት ደግሞ ከዚህ በታች ብዙ ምስጢር ስለማወጣ ከአሁኑ ተናግሬያለሁ፤ በኋላ «አበላሸሽብኝ» ብሎ ነገር አይሠራም።

የመጀመሪያው ክፍል ሲጀምር አንድ ትንሽ ጥቁር ልጅ ሲኒማ ቤት ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ድምፅ አልባ ፊልም ያያል። እናቱ ፒያኖ ትመታለች፣ ታለቅሳለች። በፊልሙ ውስጥ ባስ ሪቭስ የሚባል ጥቁር የሕግ አስከባሪ አንድ ሌባ ሸሪፍ ይዞ ለሕዝቡ ያስረክባል። ሕዝቡ «ስቀለው!» ሲል ሪቭስ «አይሆንም፣ በሕግ እመኑ» ይላል። በዚህ መሀል ከውጭ ፍንዳታ ይሰማል። አባትየው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ይገባና ልጁንም እናቱንም ይዞ ይወጣል። ውጭ ከተማው እየነደደ ነው። ነጮች ሱቅ ይዘርፋሉ፣ ሰው ይተኩሳሉ፣ በመኪና አስረው ሬሳ ይጎትታሉ፣ ከላይ አውሮፕላን ያንዣብባል። ልጁን ሳጥን ውስጥ ከተው በሚሸሽ መኪና ይልኩታል። እናትና አባት ግን እዚያው ቀሩ። ስክሪኑ ላይ የተጻፈው «ቱልሳ፣ 1921» ብቻ ነው።

ይህን ያዩ አሜሪካውያን ብዙዎቹ የደራሲ ፈጠራ መስሏቸው ነበር። እንደ ማርስ ወረራ፣ ከሰማይ እንደሚዘንበው ትንንሽ ኦክቶፐስ ያለ ነገር (ኦክቶፐሱም አለ፣ ቆይቶ ይዘንባል)። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው «ቱልሳ 1921» ብለው ሲፈልጉ በዚያ ድራማ ውስጥ ከፈጠራ በጣም የራቀው ትዕይንት እሱ መሆኑን አወቁ። የአገራቸውን ታሪክ ከሱፐርሂሮ ድራማ ተማሩ ማለት ነው። እኔን የሚከነክነኝ ነገር ይሄ ነው፦ በአንዲት ሌሊትና ማለዳ 35 ብሎክ ሰፈር የነደደበት፣ ጋዜጣ ባለበት ከተማ የተፈጸመ፣ በፖስትካርድ ሳይቀር ፎቶው የተሸጠ ነገር እንዴት 98 ዓመት ሙሉ «ያልታወቀ» ሆኖ ይቆያል?

መጀመሪያ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ኦክላሆማ እ.ኤ.አ. በ1907 ክፍለ ግዛት ስትሆን አዲሱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የመጀመሪያ ቁጥር ሰጥቶ ያወጣው ሕግ ጥቁርና ነጭ በባቡር ለየብቻ እንዲሳፈሩ የሚያዝ ነበር። ዘይት ተገኝቶ ቱልሳ በገንዘብ ስታብጥ ጥቁሮቹ በነጭ ሰፈር መገበያየት ስላልተፈቀደላቸው ከባቡር ሀዲዱ ወዲያ ግሪንውድ የሚባል የራሳቸውን ሰፈር አቆሙ። ሐኪም ቤት፣ ጋዜጣ፣ ጠበቃ፣ ጌጣ ጌጥ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የጄ.ቢ. ስትራድፎርድ ባለ 54 ክፍል ሆቴል፣ የጆንና የሉላ ዊልያምስ «ድሪምላንድ» ሲኒማ… ይህ ሲኒማ ነው ትንሹ ልጅ የተቀመጠበት።

ግንቦት 30 ቀን 1921 ዲክ ሮውላንድ የሚባል የ19 ዓመት ሊስትሮ ድሬክሰል በሚባል ሕንጻ ሊፍት ውስጥ ገባ። የሊፍቱ ሠራተኛ ሳራ ፔጅ የምትባል የ17 ዓመት ነጭ ልጅ ነበረች። እሷ ጮኸች፣ እሱ ሮጠ። ምናልባት እግሯን ረግጧት ይሆናል፣ ምናልባት ተደናቅፎ ክንዷን ይዞ ይሆናል። እሷ ክስ አልመሠረተችም፤ መስከረም ላይ ፋይሉ ተዘጋ። በማግስቱ ግን «ቱልሳ ትሪቡን» የሚባለው የከሰዓት ጋዜጣ «ኒግሮው ሊፍት ውስጥ ልጅቷን በማጥቃት ተያዘ» በሚል ርዕስ በፊት ገጹ አወጣው። ጋዜጣው ወጥቶ ሳይውል ሳያድር በመቶዎች የሚቆጠር ነጭ ፍርድ ቤቱን ከበበ። ከግሪንውድ ደግሞ መሣሪያ የያዙ ጥቁሮች፣ ከፊሎቹ ከፈረንሳይ ጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮች፣ ልጁ ያለ ፍርድ እንዳይሰቀል «ሸሪፉን እናግዝ» ብለው መጡ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ግብግብ ውስጥ አንድ ጥይት ተተኮሰ። ከዚያ በኋላ ማንም የሚያቆመው አልነበረም።

ፖሊስ ምን አደረገ? ነጮቹን መለመለ! በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን እዚያው በቆሙበት ልዩ ረዳት ፖሊስ አድርጎ ሾመ፣ አንዳንዶቹንም አስታጠቀ። ሰኔ 1 ማለዳ ግሪንውድን ወረሩ። ቀይ መስቀል በቆጠረው መሠረት 1,256 ቤት ተቃጠለ፣ ሌላ 215 ቤት ሳይቃጠል ተዘረፈ። ከ6,000 በላይ ጥቁሮች በስብሰባ አዳራሽና በቤዝቦል ሜዳ ታጎሩ፤ ለመውጣት ነጭ አሠሪ መጥቶ «የኔ ነው» ማለት ነበረበት። የሞተው ሰው ብዛት? በዚያን ጊዜ በይፋ የተነገረው 36 ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሪፖርቱን ያወጣው የክፍለ ግዛቱ አጣሪ ኮሚሽን ከ100 እስከ 300 ሊሆን እንደሚችል ገምቷል።

እንግዲህ ወደ ድራማው ልመለስ፤ ምክንያቱም የሊንደሎፍ ብልሃት ይህን አሰቃቂ ነገር ለማስደንገጫ መጠቀሙ ላይ አይደለም። ብልሃቱ ልጁን ሳጥን ውስጥ መክተቱ ላይ ነው።

ዓለሙ ሲጠፋ ወላጆቹ በሳጥን ከተው የላኩት፣ ከጥፋቱ ብቻውን የተረፈ ልጅ… ሙሴ ነው አይደል? አዎ፣ ሙሴ ነው። ሱፐርማንም ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የሚባሉ የክሊቭላንድ የአይሁድ ስደተኞች ልጆች «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 ላይ ሱፐርማንን ሲያወጡት የሙሴን ታሪክ በሮኬት አድርገው ነው የጻፉት ይባላል። የሊንደሎፍ ክሪፕተን ደግሞ ግሪንውድ ነው። በስድስተኛው ክፍል ልጁ አድጎ፣ ዊል ሪቭስ ተብሎ (ስሙን ከፊልሙ ጀግና ነው የወሰደው)፣ ኒውዮርክ ፖሊስ ሆኖ በ1938 አንድ ጋዜጣ ሻጭ ጋ ሲቆም ሻጩ አዲስ ስለወጣው ኮሚክ ይነግረዋል፦ ፕላኔቱ ሊጠፋ ሲል አባቱ በመርከብ አድርጎ ስለላከው ልጅ። የዊልን ፊት ማየት ነው! የራሱን ታሪክ ነጭ ልጅ አድርገው በአሥር ሳንቲም እየሸጡለት ነው።

ይህ ስድስተኛ ክፍል («ይህ ድንቅ ፍጡር» ብዬ ርዕሱን ልተርጉመው) በእኔ እይታ በቴሌቪዥን ከተሠሩ የሱፐርሂሮ ታሪኮች ሁሉ የበላይ ነው። ከ«ስሞልቪል» አሥር ሲዝን ይበልጣል፣ ከ«ሂሮስ» የመጀመሪያ ሲዝንም ይበልጣል (ሁለተኛውን አታንሱብኝ)። ኮርድ ጄፈርሰንና ሊንደሎፍ ጽፈውት በ2020 ለጽሑፉ ኤሚ ተሸልመዋል። ድራማው በጠቅላላው 11 ኤሚ ወስዷል፤ ሬጂና ኪንግም ዋና ተዋናይት ሆና አንዱን ወስዳለች።

ለምን እንደወደድኩት ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኮሚኩ ልሂድ። አለን ሙርና ዴቭ ጊበንስ እ.ኤ.አ. በ1986 እና 87 በ12 ቁጥር ያወጡት «ዋችሜን» ውስጥ ሁድድ ጀስቲስ የሚባል ገጸ ባሕርይ አለ። በዚያ ዓለም የመጀመሪያው ጭምብል ለባሽ ጀግና እሱ ነው። ራሱን በጥቁር ቆብ ሸፍኖ አንገቱ ላይ ሸምቀቆ ያስራል። ማን እንደሆነ በእርግጠኝነት አይነገርም፤ አንድ ጀርመናዊ የሰርከስ ጉልበተኛ ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት ብቻ አለ። አንባቢ ሁሉ ከ30 ዓመት በላይ ያንን ሸምቀቆ አይቶ «አለባበስ ነው» ብሎ አለፈ። ሊንደሎፍና አብረውት የጻፉት ግን አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቁ፦ በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አንገቱ ላይ ሸምቀቆ ያለበት ሰው ማን ሊሆን ይችላል? መልሱ እኮ ዓይን ላይ የተሰካ ነበር! ጥቁር ሰው ነዋ።

በድራማው ዊል አንድ የአይሁድ ምግብ ቤት ያቃጠለ ነጭ ይዞ ሲያቀርብ ሰውየው ወዲያው ይለቀቃል። የሥራ ባልደረቦቹ ራሳቸው ፖሊሶቹ በሌሊት ይዘው ፊቱን በከረጢት ሸፍነው ዛፍ ላይ ይሰቅሉታል፤ ሊሞት ሲል ይቆርጡትና «ከነጭ ጉዳይ ውስጥ እጅህን አታስገባ» ብለው ይለቁታል። ሸምቀቆው አንገቱ ላይ እንደሆነ ወደ ቤቱ ሲሄድ ባልና ሚስት በዱርዬ ሲደበደቡ ይሰማል። ከረጢቱን ለዓይኑ ይቀድና ያጠልቀዋል፣ ገብቶ ያድናቸዋል። ጋዜጣው በማግስቱ አወደሰው፤ እነሱን ያዳናቸው ጥቁር መሆኑን ግን ማንም አያውቅም። ሚስቱ ጁን በዓይኑ ዙሪያ ነጭ ቀለም ትቀባዋለች፣ በቀዳዳው ሲታይ ነጭ እንዲመስል። «ፍትሕ የምታገኘው ነጭ ከመሰልክ ነው» ትለዋለች በአጭሩ። ስንት የታሪክ መጽሐፍ ነው ይህን በአንዲት የቀለም ብሩሽ የነገረን?

(በነገራችን ላይ ባጁን የሚያደርግለት ሳሙኤል ባትል የሚባለው ጥቁር መኮንን በእውን የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 የኒውዮርክ ፖሊስ ሆኖ ተቀጠረ፣ በ1935 የመጀመሪያው ጥቁር ሌተናንት ሆነ። ባስ ሪቭስም እውነተኛ ነው፦ በባርነት ተወልዶ፣ ነፃ ወጥቶ፣ ከ1875 ጀምሮ በኢንዲያን ቴሪቶሪ ምክትል ማርሻል ሆኖ ከ3,000 በላይ ሰው ያሰረ። ልጁ የሚያየው ፊልም ብቻ ነው ፈጠራ።)

አሁን ደግሞ ትንሽ ደስ የማይል ነገር ላምጣ። ጭምብልና ካባ ለብሶ፣ ሕግ አልሠራም ብሎ፣ በሌሊት እየወጣ «ፍትሕ» የሚያስከብር ሰው በአሜሪካ ሲኒማ መጀመሪያ የታየው የት ነው? አለን ሙር ራሱ በአንድ ቃለ ምልልስ የተናገረው ነገር ድራማው ሲወጣ እንደገና መነጋገሪያ ሆኖ ነበር፦ የመጀመሪያው የአሜሪካ ሱፐርሂሮ ፊልም የዲ.ደብሊው ግሪፍዝ «የአንድ ሕዝብ ልደት» ነው ለማለት ይቻላል ይላል። እ.ኤ.አ. በ1915 የወጣው ይህ ፊልም ኩ ክሉክስ ክላንን በነጭ ካባና ቆብ፣ በፈረስ እየጋለበ የሚያድን ጀግና አድርጎ ያቀረበ ነው። በዋይት ሐውስ ለፕሬዚዳንት ዊልሰን ታይቷል። ከስሞ የነበረው ክላንም በዚያው ዓመት ጆርጂያ ውስጥ ስቶን ማውንቴን ላይ እንደገና ተቋቋመ፤ አባላቱ የፊልሙን አለባበስ ወሰዱ። ከእልቂቱ በኋላ በቱልሳ በፍጥነት አብቦ የራሱን ትልቅ አዳራሽ እስከ መሥራት ደርሷል።

የሙርን አባባል ሙሉ በሙሉ አልቀበልም። ዞሮም አለ (1919)፣ ከእንግሊዝ የመጣው ቀይ አበባ የሚያኖረው ጀግናም አለ፤ ጭምብል አንድ አባት ብቻ የለውም። ሱፐርማን ደግሞ ጭራሽ ጭምብል የለውም። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1946 በሬዲዮ ሲተላለፍ በነበረው የሱፐርማን ድራማ ክላንን የሚመስል ድርጅት ሲዋጋ ሳምንታት ሙሉ ሕጻናት ሰምተውታል። ይሁንና ሙር የነካው ቁስል እውነተኛ ነው፤ ድራማውም ቁስሉን ይዞ ነው የሚሄደው። በዘመናችን ቱልሳ ፖሊሶቹ ቢጫ ጭምብል ያደርጋሉ፣ ዘረኞቹም የሮርሻክን ጭምብል ያደርጋሉ፣ አንጄላ (ሬጂና ኪንግ) የመነኩሲት ቆብ ለብሳ ሰው ትደበድባለች። ማን ነው ጀግናው? አያቷ ዊል «ጭምብል ስር ቁስል አይድንም፤ ቁስል አየር ይፈልጋል» ዓይነት ነገር ይላታል መጨረሻ ላይ። እንደ አድናቂ የምወደው አረፍተ ነገር ነው፤ እንደ ጋዜጠኝነት ተመራቂ ደግሞ ወደ ሌላ ነገር ይወስደኛል፤ ወደ ጋዜጣው።

«ትሪቡን» ያን ቀን ያወጣው ሁለት ነገር ነበር ይባላል። አንዱ የፊት ገጹ ዜና ነው። ሌላው «ዛሬ ማታ ኒግሮ ሊሰቀል ነው» የሚል መልእክት ያለው ርዕሰ አንቀጽ ነው፤ አንብበነዋል ያሉ የዓይን ምስክሮች አሉ። ታሪክ አጥኚዎች ሊያነቡት ሲሄዱ ግን በማይክሮፊልም የተቀመጠው ቅጂ የፊት ገጹ ዜና ተቀዶ ወጥቷል፣ የርዕሰ አንቀጹም ገጽ አብዛኛው የለም! የፊት ገጹ ዜና ቆይቶ ከሌላ ቅጂ ተገኘ። ርዕሰ አንቀጹ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሳስበው ይገርመኛል፦ አንድ ሰው፣ ስሙ የማይታወቅ ሰው፣ ምናልባት መቀስ ይዞ፣ ምናልባት በእጁ፣ ተቀምጦ ያን ገጽ ቀደደው። ሳይክሎፕስ የሚባለው የድራማው ምስጢራዊ ማኅበር ሰው ለማደንዘዝ ልዩ የብርሃን ፕሮጀክተር ያስፈልገዋል። በእውነቱ ቱልሳ ውስጥ ግን አንድ ገጽ መቅደድ በቂ ነበር።

ከዚህ ላይ ነው ድራማውን የምወቅሰው። ሳይክሎፕስ! ከኋላ ሆነው ሁሉን የሚያቀነባብሩ፣ የሚሰበሰቡበት ቤት ያላቸው፣ ግንባራቸው ላይ ምልክት እያሳዩ የሚተዋወቁ ክፉዎች። ለኮሚክ ጥሩ ነው፤ ለመምታት የሚመች ጠላት ይሰጣል። ግሪንውድን ያቃጠሉት ግን ምስጢራዊ ማኅበር አልነበሩም። ባንክ ጸሐፊ፣ ተማሪ፣ ባለሱቅ፣ የዘይት ሠራተኛ፣ ጎረቤት ነበሩ። ፊታቸውን እንኳ አልሸፈኑም፤ ፎቶ ተነስተዋል። ጭምብል ያስፈለጋቸው አይመስለኝም፣ ምክንያቱም አንድም ነጭ በግድያም ሆነ በቃጠሎ ተፈርዶበት እስር ቤት አልገባም። ከዚያ ይልቅ የተሰበሰበው ታላቁ የፍርድ ሸንጎ ጥፋተኛ ያላቸው መሣሪያ ይዘው ወደ ፍርድ ቤቱ የመጡትን ጥቁሮች ነው! ባለሆቴሉ ስትራድፎርድ ተከሶ ወደ ቺካጎ ሸሸ፤ ስሙ የጸዳው በ1996 ነው። የ«ቱልሳ ስታር» ጋዜጣ አዘጋጅ ኤ.ጄ. ስሚዘርማን ማተሚያው ተቃጥሎበት፣ እሱም ተከሶ ሸሽቶ በመጨረሻ በቡፋሎ ሌላ ጋዜጣ ከፈተ፤ ክሱ የተሰረዘለት በ2007 ነው። ከሞተ ከስንት ዓመት በኋላ!

ድራማው ያላነሳው ሌላ ጉዳይ ኢንሹራንስ ነው። ትዕይንት አይሆንም፣ ይገባኛል፤ ማንም ሰው እሑድ ማታ ስለ ኢንሹራንስ ውል ማየት አይፈልግም። ግን ሁለተኛው እሳት ይሄ ነበር። ኩባንያዎቹ ውሉ ውስጥ «በረብሻ ለደረሰ ጉዳት አንከፍልም» የምትል አንቀጽ ነበረቻቸው። ስለዚህ የሆነውን ነገር «የዘር ረብሻ» ብሎ መጥራት ብቻውን የሰው ገንዘብ አስቀረ። ለከተማው ከ1.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ የካሳ ጥያቄ ቀርቦ ነበር። ዊልያም ሬድፈርን የሚባል የሌላ ሲኒማና ሆቴል ባለቤት ኩባንያውን ከሶ እስከ ኦክላሆማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1926 ተረታ። «ረብሻ» እና «እልቂት» የሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ለእኛ የቋንቋ ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ለእሱ ግን ሆቴሉ ነበር። ከተማው በበኩሉ «እሳት በማይበላው ግንብ ካልሠራችሁ መሥራት አትችሉም» የሚል ደንብ አወጣ፤ ሰዎቹ አቅም አጥተው መሬቱን እንዲለቁ ነዋ። ቢ.ሲ. ፍራንክሊን የሚባል ጠበቃ ቢሮው ተቃጥሎበት በድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ደንቡን ተሟግቶ አሸነፈ። ድንኳን ውስጥ ያለ ጠበቃ! ለእኔ ይሄ ሰውዬ ካባ ባይኖረውም ከሰማያዊው ሰው ከዶክተር ማንሃታን ይበልጥብኛል። እ.ኤ.አ. በ1931 በታይፕ የጻፈው ባለ አሥር ገጽ ምስክርነት በ2015 ተገኝቶ አሁን በዋሺንግተን ሙዚየም አለ፤ አውሮፕላኖቹንና መንገዱ ላይ የወደቀውን የሚነድ የተርፐንታይን ኳስ የገለጸው እሱ ነው።

ከሁሉ በፊት የጻፈችው ግን ሴት ናት። ሜሪ ጆንስ ፓሪሽ ግሪንውድ ውስጥ ታይፕ የምታስተምር ጋዜጠኛ ነበረች። ያን ምሽት መጽሐፍ እያነበበች ሳለ ትንሽ ልጇ ፍሎረንስ በመስኮት አይታ መሣሪያ የያዙ ሰዎች እንዳሉ ነገረቻት። ከልጇ ጋር በጥይት መሀል ሮጣ አመለጠች፤ መሮጧን ስትጨርስ ተመልሳ የተረፉትን እየዞረች ቃላቸውን ሰበሰበች፣ የጠፋውን ንብረት ዘረዘረች፣ አሳተመችው። ሳምንቱ ሳይሞላ ቃለ መጠይቅ መጀመሯን ሳስብ እኛ በትምህርት ቤት ያጠናነው «የአደጋ ዘገባ» ኮርስ ሁሉ ቀልድ ይመስለኛል። መጽሐፏ የታተመው በጥቂት ቅጂ ነበር፤ ለሰፊው አንባቢ እንደገና የወጣው በ2021 ነው። በድራማው እሷ የለችም። ብትኖር ምን ነበረበት?

እንግዲህ የ98 ዓመቱን ዝምታ ማን ሰበረው? ሊንደሎፍ አይደለም። እሱ ራሱ ስለ ቱልሳ ያወቀው ታ-ነሂሲ ኮትስ በ2014 «ዘ አትላንቲክ» ላይ ስለ ካሳ የጻፈውን ረጅም ጽሑፍ አንብቦ እንደሆነ ተናግሯል። ኮትስ ደግሞ ከፊቱ የነበረ የ2001 ሪፖርት ነበረው። ሪፖርቱ እንዲወጣ የታገለው ዶን ሮስ የሚባል የኦክላሆማ የምክር ቤት አባል ነው። ዶን ሮስስ ከየት ሰማ? በ1950ዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ መምህሩ ስለ ቃጠሎው ክፍል ውስጥ ሲያወራ ተነስቶ «ይሄ አልሆነም፣ ግሪንውድ አልተቃጠለም» ብሎ ተከራከረ። መምህሩ በማግስቱ የፎቶ አልበም አምጥቶ አሳየው፦ የተቃጠለ ሬሳ፣ የፈረሰ ቤት። የዚያው ሰፈር ልጅ፣ ጥቁር ልጅ፣ አልሰማም ነበር! ነጮቹ ያፍሩ እንበል፤ የተጎዱትም ልጆቻቸውን እንዳያስፈሩ፣ ደግሞም እንዳይደገም ፈርተው ዝም ብለው ነበር።

መምህሩ ማን መሰላችሁ? ደብሊው.ዲ. ዊልያምስ። በ1921 የ16 ዓመት ልጅ የነበረ፣ የጆንና የሉላ ዊልያምስ ልጅ። የ«ድሪምላንድ» ሲኒማ ባለቤቶች ልጅ! ድራማው የሚጀምርበት ሲኒማ እኮ ነው። ይህን ሳገኝ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ነው የጮህኩት። በድራማው ከ«ድሪምላንድ» ወጥቶ የተረፈው ልጅ ሱፐርሂሮ ይሆናል፤ በእውነቱ ከዚያ ቤት የተረፈው ልጅ የታሪክ መምህር ሆኖ አንድ ተማሪን አሳመነ። ያ ተማሪ በ1971 የሚያዘጋጀው «ኢምፓክት» መጽሔት ላይ ኤድ ዊለር የሚባል ነጭ የሬዲዮ ሰው ያጠናውንና የከተማው ንግድ ምክር ቤት መጽሔት አላወጣም ያለውን ጽሑፍ አሳተመ (ዊለር መኪናው መስተዋት ላይ ማስፈራሪያ ተጽፎበት ነበር)። ከዚያ ኮሚሽን፣ ከዚያ ሪፖርት፣ ከዚያ ኮትስ፣ ከዚያ ኤችቢኦ።

«ሱፐርሂሮ ውስጥ ፖለቲካ ገባበት» ብለው የተነጫነጩ አድናቂዎችን እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበላቸው። ኮሚኩ ኒክሰንን አምስተኛ ዙር ያስመረጠ፣ ቬትናምን 51ኛ ክፍለ ግዛት ያደረገ ሥራ ነው። ፖለቲካው ያኔም ነበረ፤ የናንተ ሰፈር ስላልተነካ አልታያችሁም። በሌላ በኩል ድራማው እንከን የለሽ ነው አልልም። የቬይት የጨረቃ እስር (ጄረሚ አይረንስን ብወደውም፣ አሳማዎቹ ፍርድ የሰጡበትን ትዕይንት ሦስት ጊዜ ባየውም) ለሌላ ድራማ የተጻፈ ይመስላል። ሌዲ ትሪዩ በመጨረሻው ክፍል በጥድፊያ ክፉ ሆና በጥድፊያ ትሞታለች። ዘረኞቹም በአንድ ብልጭታ ይጠፋሉ፤ በጣም ቀላል ነው።

በድራማው አሜሪካ ፕሬዚዳንቱ ሮበርት ሬድፎርድ ነው፤ ለቱልሳ ተጎጂዎችና ዘሮቻቸው ካሳ የሚሰጥ ሕግ ወጥቷል። አንጄላ በግሪንውድ ማዕከል ማሽን ላይ የዲኤንኤ ናሙና ሰጥታ ነው የአያቷን ማንነት የምታውቀው። በእኛው ዓለም ነገሩ እንደዚህ አልሄደም። ቫዮላ ፍሌቸር በ107 ዓመቷ እ.ኤ.አ. በ2021 ኮንግረስ ፊት ቀርባ የሬሳውንና የጭሱን ሽታ ዛሬም እንደምታስታውስ ተናገረች። የእሷና የሌሎቹ በሕይወት የነበሩ ተጎጂዎች ክስ በሰኔ 2024 በኦክላሆማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውድቅ ተደረገ። በ2025 የከተማው የመጀመሪያ ጥቁር ከንቲባ ሞንሮ ኒኮልስ 105 ሚሊዮን ዶላር በግል መዋጮ የሚሰበስብ የአደራ ፈንድ ዕቅድ አቀረበ፤ ፍሌቸር በዚያው ዓመት ኅዳር በ111 ዓመቷ አረፈች።

የዲኤንኤው ነገር ግን ደርሷል። ቱልሳ ኦክላውን የሚባል መካነ መቃብር አለ፤ ከ2020 ጀምሮ ምልክት የሌላቸው መቃብሮች እየተቆፈሩ አጽም እየወጣ ይመረመራል። በሐምሌ 2024 ከነዚያ አጽሞች የመጀመሪያው ስም ተገኘለት፦ ሲ.ኤል. ዳንኤል፣ ከጆርጂያ የመጣ፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር። ዲኤንኤው ወደ ቤተሰቡ መራ፤ ያረጋገጠው ግን በብሔራዊ ቤተ መዛግብት የተገኘ የ1936 ደብዳቤ ነው። የእናቱ ጠበቃ የጡረታ አበል እንዲሰጣት ለጦር ጉዳተኞች መሥሪያ ቤት የጻፈው ሲሆን ልጇ ቱልሳ ውስጥ በዘር ረብሻ እንደተገደለ ይገልጻል።